እመት ዳክዬና አዙራ ያየችበት መነጽር

ተረት ተረት! በሉ ጠጋ በሉ፣ ይህን ጉድ ለብቻዬ አልችለውም።

ድሮ ድሮ፣ በአንድ ሐይቅ ዳር እመት ዳክዬ የምትባል ዘብ ነበረች። የሩቅ አገር ብርድ ያባረራቸው ወፎች ደክመው ሲመጡ፣ እሷ ድንጋይ ላይ ቆማ ጭልፊትን ትጠብቃለች። እነሱ ይበላሉ፣ ያርፋሉ። ጫጩቶቿም ከእንግዶቹ መሀል ገብተው ይንቦጫረቃሉ።

አንድ ቀን ጋሽ ደምሰው የሚባሉ ሰው ወፎቹን ሲያዩ አረፈዱና፣ ሩቁን አቅርቦ የሚያሳይ መነጽራቸውን ድንጋዩ ላይ ረስተው ምሳ ሄዱ።

«እመት ዳክዬ፣» አለ መነጽሩ፣ «በባዶ ዓይን ምን አደከመሽ? በእኔ እዪ እንጂ።»

አየች። ወይ ጉድ! ጭልፊት መንቁሯ ሥር ቆሟል! «መጣ! ሽሹ!» ብላ ጮኸች። ወፉ ሁሉ ግር ብሎ ተነሣ። ጭልፊት ግን ማዶ ተራራው ላይ ያንቀላፋ ነበር። ሳቁባት።

ደግማ አየች። ደግማ ጮኸች። ጭልፊት አሁንም ከተራራው አልወረደም።

«ኧረ እመት ዳክዬ!» አለ ሽመላ ተቆጥቶ፣ «ስንት ባሕር አቋርጠን መጥተን አንድ ጉርሻ እንኳ ሳንውጥ ታባርሪናለሽ? ካልቻልሽ ሌላ ዘብ እንሾማለን።»

እመት ዳክዬ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ወደደች። ዘብነቷ ክብሯ ነበር። «አንተ መነጽር፣ አዋረድከኝ!» አለችው።

«ታዲያ አዙረሽ እዪብኛ፤ በወዲያኛው በኩል ሲያዩብኝ ሁሉም ነገር ያንሳል።»

ለሦስተኛ ጊዜ፣ አዙራ አየች። ጭልፊት ዝንብ አክሏል። «እሰይ! መነጽር ማለት እንዲህ ነው!» አለች። ክንፍ ሲያፏጭ ሰማች። ጥላ በላይዋ አለፈ። ቀና ማለት ሲገባት መነጽሩን ይበልጥ ተጠጋችው። ዝንቡ ያው ዝንብ ነው። «ሰላም ነው፣ ብሉ!» አለች።

ያን ጊዜ ውኃው ላይ ጧ የሚል ድምፅ ተሰማ።

ቀና ስትል ክው አለች። ጭልፊት ወደ ተራራው እየወጣ ነው። ከጥፍሩ ውስጥ «እማዬ! እማዬ!» የሚል ጩኸት ይመጣል። የመጨረሻ ልጇ ነው። እንግዶቹ ባሉበት ደርቀው ቀሩ።

«ዋሸኸኝ!» ብላ መነጽሩ ላይ ጮኸች።

«አልዋሸሁም፣» አለ እሱም ደንግጦ። «ያንሳል አልኩሽ እንጂ ይርቃል መች አልኩሽ?»

ደነገጣችሁ አይደል? እኔንም ባወራሁት ቁጥር ሰውነቴን ይወርረኛል። ተረቴን ሰጠኋችሁ፣ ምክሩን ያዙልኝ፦ ጠላቱን አሳንሶ ያየ፣ ልጁን ከጥፍር ላይ አየ።