ላልቶ የታሰረ ጠፍር

አንድ ሰው ነበር፤ ዳንግላ የሚኖር፣ ሚስቱ የሞተችበት፣ ከመሬት ቅየሳ ሥራ ጡረታ የወጣ። ዕድሜውን ሙሉ መጋዝ ጨብጦ አያውቅም። ይህ ሰው በስልሳ አራት ዓመቱ ተነሥቶ አልጋ ልሥራ አለ።

ለምን አትሉም? ለራሱ አልነበረም። ጥሩዓለም የምትባል አንዲት ልጅ አለችው፤ አሶሳ አስተማሪ ናት። የእናቷ ሕመም ሲጠና ተጠርታ ወዲያው ተነሣች፤ ጎርፍ ድልድይ ወስዶባት ግን የደረሰችው ከቀብር በኋላ ነው። አባቷም ድንኳን ውስጥ፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ «ለእናትሽ ያልደረስሽ ለእኔ ምን ልትሆኚ መጣሽ?» አላት። ቦርሳዋን እንኳ ገና ከትከሻዋ አላወረደችም ነበር። ሰልስት እስኪወጣ ቆይታ ተመለሰች። ይኸው ሦስት ዓመት፣ ደጁን አልረገጠችም።

እሑድ እሑድ ይደውልላታል።

«መቼ ነው የምትመጪው?»

«አያለሁ አባዬ።»

«ለጥምቀት?»

«አያለሁ።»

«ለፋሲካስ?»

«አባዬ፣ ሥራ ይዣለሁ።» ስልኩ ይዘጋል።

እሱም፣ ማረፊያ ብታገኝ፣ ያውም በገዛ እጄ የሠራሁላት ቢሆን፣ ትመጣለች ብሎ አሰበ። ናፍቆት የያዘው ሰው እንዲህ ነው የሚያስበው፤ አይደለም እንዴ?

ጎረቤቱ አያ ሙሉሰው አልጋ ሲሠሩ ያረጁ ሰው ናቸው። የደረቀ ዋንዛ ሰጡት። «አንተ ሰው፣ በዚህ ዕድሜህ ጣትህን ልትቆርጥ ነው?» አሉት።

«ጣት አሥር ነው አያ፤ ልጄ አንድ ናት» አላቸው።

ሥራውን የያዘው እንደ ቀያሽ ነው። አራቱን እግሮች እኩል ቆረጠ። ቀዳዳዎቹን በመሮ ፈለፈለ፤ የአግዳሚውን ጫፍ እየላገ፣ እየሞከረ፣ እንደገና እየላገ አስገባ። ከማዕዘን እስከ ማዕዘን በሜትር ለካ፤ በዚህም በዚያም እኩል መጣለት። ደስ አለው። የቀረው ጠፍሩ ነበር፤ አግዳሚዎቹ ላይ ተጠላልፎ መተኛውን የሚሠራው የበሬ ቆዳ። ውኃ ውስጥ ዘፈዘፈው። ሲለሰልስለት አግዳሚውን በእግሩ ረግጦ፣ ባለ በሌለ ኃይሉ እየጎተተ ወጠረው። አንድም ቦታ እንዳይረግብ! ልጄን ምንም እንዳይቆረቁራት! አንድ ዙር በጎተተ ቁጥር «ትመጣለች» ይላል። እንደገና ይጎትታል። «ትመጣለች» ይላል።

በሦስተኛው ቀን፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ፣ ከግቢው ጧ! የሚል ድምፅ ሰማ። ወጥቶ አየ። አንዱ አግዳሚ ከመጋጠሚያው ላይ ተሰንጥቋል፤ ሌላው ወደ ውስጥ ጎብጧል፤ አልጋው በሦስት እግሩ ቆሟል።

አያ ሙሉሰው መጡ። ጠፍሩን በጣታቸው ነካ ሲያደርጉት ጮኸ። «አልጋ ልሠራ ነው አላልክም እንዴ? በገና ነው እኮ የሠራኸው!» ብለው እስኪበቃቸው ሳቁ። የሰውየው ዓይን እንባ ማቅረሩን ሲያዩ ግን ሳቁን ተዉትና አጠገቡ ተቀመጡ።

«ማን እንዲህ ወጥር አለህ?» አሉት። «እርጥብ ጠፍር ላላ ተደርጎ ነው የሚታሰር። ሲደርቅ ራሱ ይሰበሰባል። አንተ መሰብሰቢያውን ቀድመህ ጨረስክበት፤ እሱም የሚሰበሰብበት ቦታ ሲያጣ እንጨትህን ሰበረው።»

«ላልቶ ቢቀርስ አያ?»

«እሱን ቁጭ ብለህ ታያለህ። እኔም ይኸን ሁሉ ዓመት ሠርቼ ዛሬም እሰጋለሁ።»

አዲስ አግዳሚ ቆረጠ። ጠፍሩን ፈትቶ እንደገና ዘፈዘፈው። አሁን ላላ አድርጎ አሰረው። ሲያዩት ያሳፍራል፤ መሐሉ እንደ ከረጢት ረግቧል። በየማለዳው እየወጣ ያየዋል። ጎትት ጎትት ይለዋል፤ እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ይመለሳል።

እሑድ ደወለ። «መቼ» የምትለዋ ቃል አፉ ድረስ መጣች፤ ዋጣት። ስለ ተማሪዎቿ ጠየቃት። ስለ ዝናቡ ጠየቃት።

«ምነው አባዬ፣ አሞሃል እንዴ?» አለችው።

«አላመመኝም። ጥሩዬ፣ ያን ቀን ድልድዩን ጎርፍ እንደወሰደው አውቅ ነበር። እያወቅሁ ነው የተናገርኩሽ። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ዝም አለች። ብዙ ዝም አለች። ከዚያ «እሺ አባዬ» ብላ ዘጋች።

በሚቀጥለው እሑድ እሱ ሳይደውል ስልኩ ጮኸ። ሦስት ዓመት ሙሉ እሷ ደውላ አታውቅም።

«አባዬ» አለች፤ «እናቴ... ጠርታኝ ነበር?»

«የመኪና ድምፅ በሰማች ቁጥር ‹ጥሩዬ ናት፣ በሩን ክፈቱላት› ትል ነበር» አላት።

በዚያ ድንኳን ውስጥ አብረው ማልቀስ የነበረባቸውን ልቅሶ ያን ቀን በስልክ አለቀሱት።

ጥሩዓለም እስከ ዛሬ አልመጣችም። አልጋው ደርቋል፤ ጠፍሩም በልኩ ተሰብስቧል። አባትየው አይተኛበትም። በየቀኑ አቧራውን ይጠርጋል፣ ይጠብቃል።

እናንተስ ወገኖቼ? ማንን ነው የምትጎትቱት? የራቀ ልጅ አላችሁ? ያኮረፈ ወንድም? ከቤታችሁ የወጣች እህት? በየሳምንቱ ስንት ጊዜ «መቼ» ትሏቸዋላችሁ? ስለወደዳችሁ ነው፤ አውቃለሁ። ያም ሰው ስለወደደ ነበር የጎተተው። እንጨቱ ግን ተሰነጠቀ።

እስኪ እግዚአብሔርን አስቡት። ስንት ዓመት ጠበቀን? እየሸሸነው፣ እያኮረፍነው፣ ድምፁን ስንሰማ ሥራ ይዘናል እያልነው ስንት ዓመት ጠበቀን? አንድም ቀን አንገታችንን ይዞ ጎትቶናል? ይናፍቀናል እኮ! ከማንም አባት ይልቅ ይናፍቀናል። ናፍቆቱን ግን እኛን መስበሪያ አላደረገውም።

ዛሬ ከዚህ ስትወጡ ለዚያ ለራቃችሁ ሰው አንድ ስልክ ደውሉ። ቀን አትቁረጡለት፤ ለጥምቀት፣ ለፋሲካ አትበሉት። ያጠፋችሁትን ብቻ ንገሩት። ከዚያ ዝም በሉ። ዝምታው ይከብዳችኋል፤ ቢከብዳችሁም እናንተ አትሙሉት። በዚያኛው ጫፍ ያለው ሰው፣ ዓመታት ሙሉ ሊጠይቃችሁ እየፈለገ ያልደፈረው አንድ ጥያቄ ይኖረዋል።