የቢራራ ደን ወራሽ

በአንድ ወቅት፣ ዙሪያዋን ባሕር በከበባት አንዲት ትንሽ አገር፣ ቢራራ የሚባል ሽማግሌ ይኖር ነበር። ሰዉ ኮረብታውን ሁሉ ከውጭ በመጣ ባሕር ዛፍ ስለሸፈነው፣ የደሴቲቱን አገር በቀል ዛፎች ለይቶ የሚያውቅ ከእሱ በቀር አልነበረም። ቅጠሉን አሽቶ፣ ቅርፊቱን ዳስሶ «ይህ ብሳና ነው፤ ያ ኮሶ ነው» ይላል። ከአያቶቹ የወረሰው ደንም በአገሪቱ የቀረው የመጨረሻው ደን ነበር።

ሲያረጅ መርሳት ያዘው። መጀመሪያ የሟች ሚስቱን ስም ረሳ፤ ቀጥሎም የሦስት ልጆቹን። ከዛፎቹ ስም ግን አንዱም አልጠፋበትም።

ትልቋ ልጁ አንጓች ሰባት ዓመት ሙሉ አጠበችው፣ አጎረሰችው፣ ሲወድቅ አነሣችው። ለትዳር የጠየቃትንም ሰው «አባቴን ለማን ትቼ?» ብላ መለሰችው። ደን የምትገባበት ጊዜ ስላልነበራት ዋንዛን ከብሳና አትለይም።

መካከለኛው ላቀው በየቀኑ አባቱን ተከትሎ ደን ይገባል፤ የሚለውንም ሁሉ በቃሉ ይይዛል። አባቱ ግን በየማለዳው «አንተ ደግሞ ማን ነህ?» ይለዋል።

«ዛፍ ልማር የመጣሁ ነኝ» ይላል ላቀው። «ልጅህ ነኝ» ማለቱን ከተወ ቆይቷል፤ ሽማግሌውን ያስደነግጠው ነበርና።

ትንሹ ጥጋቡ ባሕሩ ዳር ጀልባ እየሠራ ይኖራል። አባቱ እንደ ባዳ ሲያየው መታገሥ ስለማይችል ቤት የሚመጣው አልፎ አልፎ ነው።

አንድ የበጋ ቀን ረፋድ ላይ ከባሕር ዛፉ እሳት ተነሣ፤ ነፋሱም ወደ ደኑ ገፋው።

አንጓች አባቷን ከደኑ ዳር ካለው ቤታቸው አዝላ ወጣች። ሽማግሌው «ዛፎቼ ጋ መልሱኝ» እያለ ፊቷን ቢቧጭራትም አላወረደችውም።

ላቀው ወደ ጭሱ ገባ። በደሴቲቱ አንድ ወይም ሁለት ብቻ የቀሩትን ዛፎች እየለየ ዘራቸውን በከረጢት ሰበሰበ። ያን ቀን የያዘው ሳል ከዚያ በኋላ አልለቀቀውም።

ጥጋቡ መጥረቢያውን ይዞ ከባሕሩ ዳር ሮጠ። እሳቱን የሚያቆመው ባዶ መሬት ብቻ ነበር። በደኑ መካከል ደግሞ ቢራራ ከሁሉ አብልጦ የሚወዳቸው፣ ሚስቱንም ከሥራቸው የቀበረባቸው ዘጠኝ ዝግባዎች ደኑን ለሁለት በሚከፍል ገላጣ ላይ ቆመዋል። ጥጋቡ ጎረቤቶቹን ይዞ ዘጠኙንም ጣለ፤ በበሬ አስጎትቶም አራቃቸው። እሳቱ ባዶው መሬት ላይ ደርሶ ጠፋ፤ ግማሹ ደን ተረፈ። ቢራራ ግን በአንጓች ጀርባ ላይ ሆኖ ዝግባዎቹ ሲወድቁ ከሩቅ አየ። እንደ ሕፃን አለቀሰ።

ከዚያ በኋላ አልጋ ላይ ዋለ። በሦስተኛው ቀን አንጓች ውሃ ስታጠጣው ሻካራ እጇን ዳሰሰ።

«ይህ ወይራ ነው» አለ።

«አዎ አባዬ» አለች።

ላቀው ከዘሮቹ አንድ አንዱን መዳፉ ላይ አኖረለት። ሽማግሌው በየስማቸው ጠራቸውና ፈገግ አለ። «ጎበዝ ነህ። አባትህ ማን ይሆን? የታደለ ሰው ነው።» ላቀው ዘሮቹን አንድ በአንድ ወደ ከረጢቱ መለሰ።

ጥጋቡ ሊስመው ጎንበስ አለ። ልብሱ የዝግባ ሙጫ ይሸት ነበር። ሽማግሌው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ ፀሐይ ሳትጠልቅም ሞተ።

በዚያች አገር ደን ለወራሾች አይከፈልም፤ የተከፈለ ደን ይመነጠራልና። ለአንድ ልጅ ብቻ ይሰጣል። የአገሩ ሽማግሌዎች ለዳኝነት ተቀመጡ።

«አባቶቼ፣ ዕድሜዬን የሰጠሁት ለእሱ ነው» አለች አንጓች። «ከእሱ የቀረኝ ደኑ ብቻ ነው።»

«ዛፎቹን የሚለያቸው ከእንግዲህ እኔ ብቻ ነኝ» አለ ላቀው። «የተቃጠለውን ማን ይተካዋል?»

ጥጋቡ በመጨረሻ ተነሣ። «ባልቆርጣቸው ኖሮ የምትፈርዱበት ደን አይኖርም ነበር። አባቴ ግን ጠልቶኝ ሞተ።» ይህን ብሎ ተመልሶ ተቀመጠ።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ጊዜ ተሰብስበው ሦስት ጊዜ ሳይስማሙ ተበተኑ። እንግዲህ የሰማችሁ ሁሉ ፍረዱ፦ ደኑ የሚገባው ለማን ነው? አባቷን ላዘለችው ነው፣ ዛፎቹን ለሚያውቃቸው ነው፣ ወይስ የአባቱን ልብ ሰብሮ ደኑን ላተረፈው?