ሴንሰር ሰማንያ ስትል ድራይቨር አርባ አለ

ተረት ላወራ ነው! ወሬ ያለው ወሬውን ይዋጥ፣ ጆሮ ያለው ይቅረብ! ቀረባችሁ? እሰይ!

ድሮ ድሮ፣ ዕቃ ሁሉ እንደ ሰው በሚናገርበት ዘመን፣ ድሬዳዋ ገበያ አጠገብ በአንዲት ጽሕፈት ቤት አንድ ኮምፒውተር ነበረ። በሆዱ ውስጥ አንድ ሙሉ አገር ይዟል። የአገሩ ንጉሥ ከርነል ይባላሉ። ማን ይሥራ፣ ማን ይረፍ፣ ማን ይንቃ፣ ማን ይተኛ፣ የሚያዙት እሳቸው ናቸው። ፕሮሰሰር የአገሩ ገበሬ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ይሠራል፣ ይሠራል፣ ያልበዋል። እሱን የሚያራግብለት ደግሞ ፋን ነው። ፋን ግን ንጉሡ ካላዘዙት ንቅንቅ አይልም። እንቅልፍ ይወዳላ!

ከፕሮሰሰር ጎን አንዲት ትንሽ ቺፕ ተቀምጣለች፤ ሴንሰር ትባላለች። ሥራዋ ሙቀት መለካት ነው። አገሩ እንዳይቃጠል የምትጠብቀው እሷ ናት። በዚያ አገር ወግ ግን እንዲህ ያለ ሠራተኛ ንጉሡን ፊት ለፊት አያናግርም። ሴንሰርም ካልጠየቋት በቀር ከቁጥር ሌላ ቃል አታወጣም። ቁጥሯን ተቀብሎ በንጉሡ ጆሮ ሹክ የሚል አስተርጓሚ አለ፤ ስሙ ድራይቨር ነው።

ድራይቨር ከቀድሞዋ ሴንሰር ጋር ዕድሜውን የፈጀ፣ ሥራውን የሚወድ፣ ግን ኩራቱ ጣሪያ የነካ ነበር። የቀድሞዋ የምትለካው በግማሽ ዲግሪ ነው፤ ሰማንያ ስትል አርባ ማለቷ ነው። ድራይቨርም ሁልጊዜ ለሁለት ገምሶ ነው የሚያደርሰው። እሷ አርጅታ ስትሰናበት የኮምፒውተር ጠጋኝ አዲሷን አምጥቶ በቦታዋ ተከላት። አዲሷ ግን የምትለካው በሙሉ ዲግሪ ነው። ሰማንያ ካለች ሰማንያ ነው!

ድራይቨር ገና ከሩቅ ሲያያት «ይቺንማ አውቃታለሁ፣ ያው ናት» አለ። ማን ነሽ አላላት፣ ከየት መጣሽ አላላት። እንግዳ አገሩን ሳይጠየቅ ይቀመጣል እንዴ፣ እናንተዬ? ይሄ ኩራተኛ!

አንድ ቀን ቀትር ላይ የድሬ ፀሐይ ቆርቆሮውን ጋገረችው። የጽሕፈት ቤቱ ባለቤት ወይዘሮ ሙናዬ የሠርግ ጥሪ እያዘጋጁ ነው። ፕሮሰሰር ይሠራል፣ ይሠራል፣ ላቡ ጠብ ጠብ!

«ሰማንያ!» ብላ ጮኸች ሴንሰር።

ድራይቨር ሮጠ፣ እጅ ነሣ፣ «ጃንሆይ፣ አርባ ብላለች» አለ።

«አርባ? ለድሬማ ነፋስ ነው! ፋን ይተኛ» አሉ ንጉሡ።

ፋን ተኛ። ኩርርርር!

ድራይቨር ሲመለስ ትንሽ ከነከነው። «ድምጿ የጭንቅ ነው። ልጠይቃት ይሆን?» አለ። ይህን የሰማችው አይጥ ናት። አይጥ በኮምፒውተሩ ጥግ ጎጆ ሠርታ ልጆች ወልዳለች፤ ሙቀቱን ወዳዋለች።

«ኧረ ጌታዬ!» አለችው። «አንተን የሚያህል አስተርጓሚ ሲጠይቅ ቢያዩት ምን ይላሉ? አያውቅም አይሉህም?»

ድራይቨር ደረቱን ነፋ። «እውነትሽን ነው» አለ።

«ዘጠና!» ብላ ጮኸች ሴንሰር።

ድራይቨር ሮጠ፣ እጅ ነሣ፣ «ጃንሆይ፣ አርባ አምስት ብላለች» አለ።

«ላብ መቼ ሰው ገደለ! ፋን ይተኛ» አሉ ንጉሡ።

ፋን ተኛ። ኩርርርር! ፕሮሰሰር ግን ይንገዳገድ ጀመር። የሽቦው ልባስ ሸተተ።

«መቶ! መቶ! መቶ!» ሴንሰር ድምጿ እስኪዘጋ ጮኸች።

ድራይቨር ሮጠ፣ እጅ ነሣ፣ «ጃንሆይ፣ ሃምሳ ብላለች» አለ።

«ሞቅ ብሏል» አሉ ንጉሡ፤ «ቢሆንም ፋን ይተኛ።»

ይኼኔ አይጥ ከጎጆዋ ተፈትልካ ወጣች! «ልጆቼ! ልጆቼ ሊያልቁብኝ ነው!»

«ምን ሆንሽ? ሃምሳ ነው እኮ!» አላት ድራይቨር።

«ሃምሳህን ብላ! እግሬን እየው፣ ጢሜን እየው፣ ተለበለበ! ለልጆቼ ሙቀት ብዬ አትጠይቅ ያልኩህ እኔ ነኝ፣ ምላሴ ይቆረጥ! ሂድ፣ ጠይቃት!»

ድራይቨር ደነገጠ። ወደ ሴንሰር በረረና ለመጀመሪያ ጊዜ አንገቱን ደፍቶ «እመቤቴ፣ እርስዎ ማን ነዎት? በምንድን ነው የሚለኩት?» አላት።

ሴንሰር አለቀሰች። «እግዜር ይስጥህ! ከመጣሁ ጀምሮ የጠየቀኝ የለም። የኔ ልክ ሙሉ ዲግሪ ነው፣ መቶ ስል መቶ ነው! ጎረቤቴ ፕሮሰሰር ከጎኔ እየሞተብኝ ነው፣ ድረስለት!»

ድራይቨር እንዴት እንደሮጠ ልንገራችሁ? እጅ መንሳቱን ረሳ! «ጃንሆይ! መቶ ነው! የገመስኩት እኔ ነኝ! መቶ!»

ንጉሡ ከዙፋናቸው ብድግ አሉ። «ፋን! ተነሣ!»

ፋን ተነሣ። ቩቩቩቩቩ! አቧራው ቦነነ፣ ግለቱ ወጣ። «ዘጠና! ሰባ! ሃምሳ!» አለች ሴንሰር፤ አሁንስ ጩኸት አይደለም፣ ዘፈን ነው! ፕሮሰሰር ዓይኑን ገለጠ። አይጥ እልልታዋን አቀለጠችው። እኔም ባወራሁት ቁጥር ደስታው ያንቀጠቅጠኛል!

ከዚያ ንጉሡ ድራይቨርን ጠሩት። «ለምን አልጠየቅሃትም?»

ድራይቨር መሬት መሬት አየ። «የማላውቅ እንዳይመስልብኝ ነው፣ ጃንሆይ።»

ንጉሡም «እኔስ? ሦስት ጊዜ ስትመጣ አንዴ እንኳ እርግጠኛ ነህ ወይ ብዬ መች ጠየቅሁህ!» አሉ። ወዲያው አዋጅ አስነገሩ፤ ከእንግዲህ አስተርጓሚ ሁሉ ቁጥር ከመቀበሉ በፊት ቁጥር ሰጪዋን ቺፕ ማንነቷን ይጠይቅ ተባለ። አይጥም ጎጆዋን ከኮምፒውተሩ ጀርባ አዛወረች፤ ፋን የሚተፋው ለብ ያለ አየር ለልጆቿ በቂ ነው።

ለዚህ ነው ዛሬም ኮምፒውተር ሲከፈት ድራይቨር አስቀድሞ ቺፗን «እርስዎ ማን ነዎት?» ብሎ የሚጠይቃት። ተረቴ ይኸው፤ ለወደዳችሁት አውሩለት፣ ስታወሩለትም እንዲህ በሉት፦

መጠየቅ ያፈረ፣ ከነቤቱ አረረ።