አምስተኛው እጅ

በ1996 ዓ.ም. ኅዳር ነበር፤ ማለዳው ውርጭ ጥሎበታል። የመንደራችን ሽማግሌዎች ከእኛ ጋር የሚኖረውን ሸክላ ሠሪ ከዕድር ለማስወጣት ቃሌን የሚጠብቁበት ቀን ነው። ልጄ የሻረግ የትምህርት ቤት ጥያቄ አመጣችልኝ። ሬዲዮ ውስጥ የሚገባው ሲሊከን የሚሉት ነገር ንጹሕ ሲሆን ኤሌክትሪክ እምብዛም አያሳልፍም አለች፤ ሲቀዘቅዝ ጭራሽ ይዘጋል፣ ሲሞቅ ጥቂት ያሳልፋል፣ ቅንጣት ባዕድ ነገር ሲገባበት ግን መንገዱ ይከፈታል።

«አባ፣ ንጹሑ እንዴት ከተቀላቀለው ያንሳል?»

ሬዲዮ ከፍቼ አላየሁም። ሰው ግን አይቻለሁ። እንዲህ አልኳት።

አንድ ሰው ነበረ፤ ሀብታም ገበሬ። በመንደሩ እያንዳንዱ ቤት አራት ሠራተኛ ነበረው፤ አራቱንም ለአራት ጎረቤቶቹ በወንፈል ይሰጣል፣ እነርሱም በተራቸው ይመልሱለታል። ወንፈል ያፈረሰ ሰው ከነውር አይድንምና ትርፍ እጅ የሚባል አልነበረም።

አንድ ቀጥቃጭ መጥቶ ከመንደሩ ዳር ሰፈረ። የእርሱ ቤት አምስት እጅ ነበረው። አራቱ ወንፈል ገቡ። አምስተኛው የማንም አልነበረምና ለተጠራበት ሁሉ ይሮጥ ነበር፤ በሽተኛ ይሸከማል፣ መርዶ ያደርሳል።

ሀብታሙ ተነሣ። «አባቶቻችን ንጹሕ አድርገው የተዉልንን መንደር ቀጥቃጭ ያቆሽሸው?» ብሎ ሰውየውን አባረረ፤ ጎጆውንም አፈረሰ። የሚያርስበትን ማረሻ የሳለለት ግን ያው ቀጥቃጭ ነበር።

በዚያው ወር፣ እንደ ዛሬው ባለ ውርጭ ማለዳ፣ የሀብታሙ ሚስት ምጥ ጠናባት። ጤና ጣቢያው ሩቅ ነው። ቃሬዛ የሚይዝለት ፍለጋ በየደጁ ዞረ። ሁሉም «እጄ የጎረቤቴ ነው፤ ወንፈል አላፈርስም» አሉት። ፀሐይ ወጥታ ሲሞቅ ሦስት ጎልማሶች አጨዳቸውን ጥለው መጡ። ሚስቱ ተረፈች፤ ልጁ መንገድ ላይ ሞተ።

የሻረግ፣ ሲሊከንሽ ያ መንደር ነው። የማያሳልፈው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ እጁ ሁሉ እርስ በርሱ ተያይዞ ነው። ሙቀት ጥቂቱን ያላቅቃል፣ ያውም ዘግይቶ። አምስተኛ እጅ ይዞ የመጣው እንግዳ ግን ፀሐይ አይጠብቅም። ይህን እያባረሩ ንጹሕ ነን የሚሉ ሰዎች አያፍሩም? ሕፃን የቀበረ ንጽሕና ምን ይባላል?

ማጭዴን አንሥቼ ወጣሁ። ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው በተቀመጡበት በኩል አልፌ ሸክላ ሠሪው ደጅ ቆምሁ፤ ለጤፉ አጨዳ ወንፈል እንግባ አልሁት።