ነጠላ ጫፍ ላይ የተቋጠረ ቁልፍ

ምእመናን፣ አንዲት ሴት ነበረች። ለቅሶ ስትሄድ ወንድሟን ቤት ቆልፋበት ነው የምትሄደው። ቁልፉን ነጠላዋ ጫፍ ላይ ትቋጥረዋለች። ክፉ ሆና ነው? አይደለም፤ ፈርታ ነው።

ወንድሟ ደምመላሽ ስኪዞፍሬኒያ የሚባል የአእምሮ ሕመም አለበት። መድኃኒቱን ይወስዳል፤ ክትትሉን አያቋርጥም። ነገር ግን አንድ ጊዜ የአጎታቸው አስከሬን ሲወጣ ሳቀ። ሰው ሁሉ እያለቀሰ እሱ ሳቀ! እሷ የምትገባበት ጠፋት። ከዚያ ወዲህ ቁልፍ ነው።

ታዲያ ጎረቤታቸው ጋሽ ሽፈራው አረፉ። ሴትዮዋ ብቻዋን ድንኳኑ ውስጥ ስትገባ፣ ባለቤታቸው እትዬ ዘነበች ቀና ብለው "ደምመላሽስ?" አሏት።

"ትንሽ አሞት..."

"ሂጂና አምጪው! የሽፈራው ወዳጅ እሱ አይደለም እንዴ?"

ምን ትበል? አመጣችው። አጠገቡ ተቀምጣ እጅጌውን ጨምድዳ ያዘች። የለቅሶው ድምፅ ከፍ ሲል ከንፈሩ ፈገግ ማለት ጀመረ። ጉድ ፈላ አለች በሆዷ። እሱ ግን እጅጌውን ቀስ ብሎ አስለቀቀና ወጣ።

ተከትላው ሮጠች። የድንኳኑን ገመድ ይዞ በዝግታ ይተነፍሳል።

"ወንድሜ፣ ቤት እንግባ በቃ።"

"ለምን? ሐዘኑ ሲበዛብኝ ፊቴ ይስቃል፤ ልቤ አይደለም። እንዲህ ሲሆን እወጣለሁ፤ ሲቀለኝ እመለሳለሁ። ከሐኪሜ ጋር የተለማመድኩት ነው። አንቺ ስትጎትቺኝ ነው የሚብስብኝ።"

"እስከ ዛሬ ታዲያ ለምን አላሳየኸኝም?"

"የት ይዘሽኝ ሄደሽ?"

ተመልሶ ገባ። እትዬ ዘነበች አጠገብ ተቀመጠ። አላለቀሰም። "ጋሽ ሽፈራው ሁልጊዜ በአጥሩ በኩል 'እንዴት አደርክ፣ ደምመላሽ?' ይሉኝ ነበር" አለ። "ዛሬም ጠዋት ቆሜ ጠበቅኳቸው።"

እትዬ ዘነበች አቅፈውት አነቡ። "ሁሉም ጽኚ ይለኛል፤ አንተ ግን ሽፈራውን አመጣህልኝ" አሉት። እህትየውም እፎይ አለች። ያን ሁሉ ጊዜ የተሸከመችው ፍርሃት ከላይዋ ወረደ።

ወገኖቼ፣ እናንተስ? ፊቱ ሳቀ ብላችሁ፣ ፊቱ ደረቀ ብላችሁ፣ ልብ የለውም ያላችሁት ማንን ነው? ሰው ምን ይለኛል ብላችሁ የደበቃችሁት ማንን ነው? "ፈውስልኝ" እያላችሁ ትጸልያላችሁ፤ መልካም፣ ጸልዩ። መድኃኒቱንም ይውሰድ። ግን ከሰው ጋር መኖርን ቤት ተቆልፎበት ማን ይማራል?

ዛሬ ከዚህ ስትወጡ የነጠላችሁን ጫፍ ዳብሱት። የተቋጠረ ነገር ካገኛችሁ ፍቱትና በሩን ክፈቱለት።