የአህያ እናት ተራ

አንድ ጊዜ አህያ የጎረቤቶቹን ዕቃ ወደ አዲስ ሰፈር አጓጉዞ እናቱን ሳያደርስ ቀረ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አህያ ከአሮጊት እናቱ ጋር በአንድ ሸለቆ ይኖር ነበር። ጎረቤቶቹ ጦጣና ቀበሮ ነበሩ። ክረምት ሲቃረብ ወንዙ ዳርቻውን እየናደ ወደ ቤታቸው ተጠጋ። ከዳገቱ በላይ ደረቅ ዋሻዎች ተገኙ። ጭነት የሚችለው አህያ ብቻ ስለነበር የጉዞውን ተራ እሱ አወጣ።

«መጀመሪያ እናቴን አደርሳለሁ» አለ። «ጉልበቷ ከድቷታል፤ ጎኔን ካልተደገፈች አትራመድም። ዕቃው ከዚያ በኋላ ነው።»

«እሺ፣ ብቻ በቆሎዬን ዝናብ እንዳይመታብኝ» አለች ጦጣ። ቀበሮ ግን ጉሮሮውን ጠረገ።

«አያ አህያ፣ ደግ ነህ ሲሉህ ነው የምሰማው። ነገ ‹የራሱን አስቀድሞ ጎረቤቶቹን ለጎርፍ ጥሎ ሄደ› ቢሉህ ምን ትመልሳለህ?»

አህያ ጆሮውን ጣለ። መልስ ነበረው፤ ግን አፈረ። እናቱ ከውስጥ ሰምታ ኖሮ ከእሱ ይበልጥ አፈረች።

«የእነሱን አድርስ ልጄ» አለችው። «በእኔ የተነሳ አትታማ። እኔ ቤቱን ጠርጌ እቆይሃለሁ።»

በማግስቱ አህያ የጦጣን በቆሎ አደረሰ። ተመልሶ የቀበሮን የመኝታ ሣር ተሸከመ። እናቱ ከጠዋት ጀምራ ደጃፉ ላይ ቆማለች።

«እንደተመለስኩ አንቺ ነሽ» አላት።

«አትቸኩል፣ ዳገት ነው» አለችው።

ሣሩ ቀላል ነበር። አህያ ዳገቱ መሀል ሲደርስ ዙሪያውን አየ። እዚያም ሣር ሞልቷል። ጥሎት ሊመለስ አሰበ። «ከጀመርኩማ ልጨርስ» አለና ወጣ።

ቀበሮ ደግሞ ታች የቀረ የአጥንት ክምር ነበረው። ሌባ ፈርቶ ጅብን ጠራ።

«አያ ጅቦ፣ እስክመለስ ይህን ጠብቅልኝ። አንድ ሳይጎድል ካገኘሁት ትልቁ ቅልጥም ያንተ ነው።»

«ቢርበኝስ?»

«ቻለው!»

«እሺ፤ አጥንቱን አልነካም» አለና ጅብ ተጎለተ። ቀበሮ በብልጠቱ እየሳቀ ወደ ላይ ሄደ። ከአጥንቱ ሌላ ያሰበው ነገር አልነበረም።

አመሻሽ ላይ አህያና ቀበሮ አብረው ወረዱ። ክምሩ እንደነበረ ነው። የአህያ ቤት ተጠርጓል፤ ውስጡ ባዶ ነው። ጅብ ሆዱ ተነፍቶ አፉን ይልሳል።

«እናቴስ?» አለ አህያ።

«አጥንት ጠብቅ ተባልኩ፤ ጠበቅኩ» አለ ጅብ ተቆጥቶ። «ስለ አሮጊቷ ማን ምን ነገረኝ? ይልቅ ቅልጥሜን!»

ቀበሮ አቀረቀረ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አያ አህያ፣ መቼም እዚህ ድረስ ከመጣን... አጥንቱን...» አለ።

አህያ ባዶ ጀርባውን ይዞ ዳገቱን ወጣ።

ዝናቡ በዚያው ሰሞን ገባ። በአዲሱ ሰፈር ጦጣ፣ ቀበሮና አህያ ቀሩ።

ከዚህ የምንማረው፣ ቤት ስንለቅ ሰው ምን ይለናል ብለን ብቻውን መሄድ የማይችለውን ወደ ኋላ ካስቀረን፣ ተመልሰን ብንመጣም ላናገኘው እንደምንችል ነው።