ጆንያ የለበሰው ሶላር

አንድ ጊዜ፣ ጅብ በሚበዛበት የቆላ አፋፍ ላይ፣ ይርዳው የሚባል ገበሬ አህያ፣ ባዝራና ባዝራዋ የወለደቻትን የሦስት ሳምንት ውርንጭላ ከጥቂት ዶሮዎች ጋር በአንድ ጋጣ ያኖር ነበር። አህያዋ ዕድሜዋን የፈጀችው ላምባ በመሸከም ነው። ለጋጣው ፋኖስ ሲባል በየገበያው ቀን ጀሪካን ተጭኖባት ዳገት ትወጣለች፤ ጀርባዋ ተልጦ፣ ቁስሏ ላይ ላምባው እየተንጠባጠበ ያንገበግባት ነበር። ማን አይዞሽ ይበላት? አህያ አይደለች!

እግዜር ይስጠውና ይርዳው አንድ ቀን ኤልኢዲ የሚሉትን አምፖል ከነሶላሩ ገዝቶ መጣ። አምፖሏ አውራ ጣት አታክልም፤ የምትፈጀው ጉልበትም ለጉድ ጥቂት ነው። ሶላሩ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ እየሞቀ ጉልበት ይሰበስብላታል፤ እሷም በዚያችው እስኪነጋ ታበራለች። ይህን ግን ለአህያዋ የነገራት የለም።

ጋጣው ገመገሙን ተደግፎ ስለተሠራ ክዳኑ በጓሮ በኩል ዝቅ ያለ ነው። ሶላሩ የተቀመጠው እዚያ፣ አህያዋ አንገቷን ብትዘረጋ በምትደርስበት ቦታ ነበር። ከዚያ ወዲህ አያ ጅቦ ውርንጭላዋን ከአጥሩ ማዶ እያየ፣ ብርሃኑን ፈርቶ፣ ምራቁን ውጦ ይመለስ ጀመር። የአህያዋም ጀርባ ሻረ፤ ጠጉር አበቀለ። ባዶውን ጀሪካን ጥግ ላይ ባየችው ቁጥር ግን ወደ ኋላ ትሸሻለች።

አንድ ቀን በቀትር እመት ቀበሮ በአጥሩ ቀዳዳ ብቅ አለች።

«እንዴት ዋልሽ፣ እመት አህያ? ጀርባሽ አማረበት!»

«እግዜር ይመስገን። ይቺ መብራት ገላገለችኝ።»

«ታዲያ ምነው እንዲህ በፀሐይ ታስፈጇታላችሁ? ፋኖሱን በጠራራ ፀሐይ ታበሩት ነበር?»

«ኧረ በስመአብ! ላምባው ሊያልቅ?»

«ይሄስ ያው አይደል? ቀን ሲቃጠል የዋለ ለማታ ምን ይተርፈዋል? ለአንቺ አዝኜ ነው እንጂ እኔ ምን አገባኝ! ያለቀ ዕለት ያ ጀሪካን ወደ ማን ጀርባ እንደሚመለስ ታውቂያለሽ።»

ጀሪካን ሲባል አህያዋ የሻረ ጀርባዋን ዞራ አየች። ቀበሮዋ ዞር እንዳለች አሮጌ ጆንያ በጥርሷ ጎትታ ሶላሩን አለበሰችው። «እፎይ፣ ትንሽ ይረፍ» አለች የዋሂቱ።

ያን ማታ መብራቱ ሊነጋ ሲል ጠፋ። በማግስቱ ገና እኩለ ሌሊት ሳይሆን ድርግም አለ። ባዝራዋ ውርንጭላዋን ከሆዷ ሥር ሸሽጋ፣

«እህቴ፣ ይሄ መብራት ምን ነክቶት ነው? ልጄን አደራ የሰጠሁት ለእሱ ነበር» አለች።

«አይዞሽ፤ ደክሞት ነው። ነገ በደንብ አሳርፈዋለሁ» አለች አህያዋ። ነገሩ ከልቧ ነበር። በበነጋው ሁለተኛ ጆንያ ደረበችበት።

በሦስተኛው ቀን ፀሐይ ጠለቀች፤ አምፖሏ አንዴ እንኳ ብልጭ አላለችም። ጓሮ ቆማ የነበረችው አህያ ከአጥሩ ማዶ የአያ ጅቦንና የእመት ቀበሮን ሹክሹክታ ሰማች።

«ጠፋ እንዴ? ልግባ?»

«ዝም በል አንተ ሆዳም! ያቺ ጅል አህያ አጥፍታልናለች። አንተ ውርንጭላዋን፣ እኔ ዶሮዎቹን።»

አህያዋ ክው አለች። ዘላ ጆንያዎቹን እየጎተተች መሬት ላይ ጣለቻቸው። «አብሪ፣ በእናትሽ አብሪ!» እያለች አናፋች። ፀሐይ ግን ገብታለች፤ የገባች ፀሐይ በልመና አትመለስም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ማውራት ያስጠላል። ባዝራዋ በጨለማው ስትራገጥ ግድግዳውን እንጂ ጅቡን አላገኘችውም። ይርዳው ዱላ ይዞ ሲደርስ ጋጣው ውስጥ ከውርንጭላዋ ደም፣ ከዶሮዎቹ ላባ ብቻ ቀርቷል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሉ የለ? የይርዳውም ውሻ ያኔ ነው የጮኸው።

ሲነጋ ይርዳው ሶላሩን አየው፤ ምንም አልነካውም። ጆንያዎቹንም ነፋስ የጣላቸው መስሎት ረግጧቸው አለፈ። «እርባና ቢስ ዕቃ! ጉድ ሠራኝ!» ብሎ አምፖሏንም ሶላሩንም ነቅሎ ገደል ወረወራቸው። በገበያው ቀን ያንኑ ጀሪካን አነሳና በአህያዋ ጀርባ ላይ ጫነው።

ከሳምንታት በኋላ ያ የሻረው ቁስል ተመልሶ ተላጠ። አንድ ማታ ባዝራዋ፣ የምትልሰው ልጅ ብታጣ፣ ጠጋ ብላ የአህያዋን ቁስል ትልስላት ጀመር።

«እኔስ ልጄን አጣሁ» አለቻት፤ «አንቺ ምን በድለሽ ነው እንዲህ የምትቀጪው?»

አህያዋ ልትናገር አፏን ከፈተች። መልሳ ገጠመችው። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ከዚህ የምንማረው፣ የሚጠብቀን ነገር በምን እንደሚኖር ሳናውቅ ልንቆጥበው መነሳት እንደሌለብን፣ ይልቁንም ምክሩን የእኛ ጨለማ ከሚጠቅመው ሰው መቀበል እንደማይገባን ነው።